እትዬ ብርቄ ከቅጥሩ ውጭ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ካቆምሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት ለመፈረም ብቻ ነው። ዓረብ አገር ሳለሁም ለቤተሰቦቼ የምልከው በስልክ የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ እሱንም የምቀዳው ሰው በሌለበት ተደብቄ ነው። ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ነገሩን ባዘበራርቀው አንባቢ ይታገሠኝ። ለመጻፍ የተነሣሁት እትዬ ብርቄ ስለ ሞቱ ነው።

የሞቱት ባለፈው ወር በስምንተኛው ቀን፣ በሥላሴ ማግስት ነው። ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታችን ከውጫሌ ወረድ ብሎ ነው፤ የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እኛ እስላሞች ነን፤ እሳቸው ክርስቲያን። ቅሬያችን ግን አንድ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረውና ቃሬዛ የሚሸከመው ሃይማኖት ሳይለይ ቅሬው ነው። አባቴ ሰይድም ከሌሎቹ ጋር ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አድርሷቸዋል። ቄስ ላቀው ፍትሐቱን ሲያደርሱ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። እትዬ ብርቄም አራት ዓመት ሙሉ የቆሙት እዚያው ዋርካ ሥር ነው። ቄሱ የእሳቸውን የክርስትና ስም ደጋግመው ጠሩ። የአንዲት ልጃቸውን ስም ግን አልጠሩም። ያ ስም እስከ ዛሬ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳይጠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ብርቄ ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ሥራቸው ፈትል ነው። ጥጡን ይዳምጣሉ፣ ይነድፋሉ፣ ይፈትላሉ፤ ከፈትሉም ማተብ ይገምዳሉ። በመስከረም ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚወጣው ሰው በመንደራችን ሲያልፍ መንገድ ዳር ተቀምጠው ማተብ ይሸጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ይሁንና ስለ ሥላሴ ተከራክሮ የረታቸው ሰው አላየሁም።

ትምህርቱን የተማሩት ከግድግዳ ወዲያ ሆነው ነው። ባላቸው መሪጌታ አያሌው የቆሎ ተማሪዎች ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ምሥጢረ ሥላሴን ሲወጡ፣ «በስም ሦስት፣ በአካል ሦስት፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ አንድ፣ በመለኮት አንድ፣ በፈቃድ አንድ» ሲሉ፣ እትዬ ብርቄ በጓዳው በኩል እንዝርታቸውን እያሾሩ ይሰማሉ። ተማሪው ሲስት ይስላሉ። መሪጌታም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ግድግዳው ስተሃል ይልሃል፤ ድገም» ይሉት ነበር አሉ። መሪጌታ እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞቱ። ሳሉ ግን አልቀረም። ማንም ሰው ሲሳሳት እትዬ ብርቄ ከመናገራቸው በፊት አንዲት ደረቅ አጭር ሳል ይስላሉ። መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። ያቺን ሳል ሰምቶ ንግግሩን የሚቀጥል ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት የሚሄድ ዲያቆን ውኃ ሊጠጣ ገባና ጨዋታ ጀመሩ። «ሥላሴ ማለት እኮ እማማ፣ እንደ ፀሐይ ነው፤ ክበቡ አብ፣ ብርሃኑ ወልድ፣ ሙቀቱ መንፈስ ቅዱስ» አላቸው።

«ደግ። ሊቃውንትም ብለውታል» አሉ። «ማታ ስትጠልቅስ?»

ልጁ ውኃውን ተጎነጨ።

«ምሳሌ መሰላል ነው፣ የኔ ዓለም። ትወጣበታለህ እንጂ ተሸክመኸው አትዞርም።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የግሸን ተጓዥ ማተብ ሊገዛ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቺ ሦስት ክር እንደ ሥላሴ ናት፤ አይደለም እናቴ?» ሲላቸው ሳሉ። «ክር ይፈታል፤ ሥላሴ አይፈታም። እሰርና ሂድ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉት።

ዋናው ተከራካሪያቸው ግን አባቴ ነበር። ከመስጊድ ሲመለስ በአጥሩ በኩል አንገቱን ያሰግግና፣ «ብርቄ! ዛሬስ ስንት ሆኑ?» ይላል።

«እንደ ትናንቱ አንድ። በየቀኑ የምትቆጥር አንተ ነህ።»

«አባት ካላችሁ፣ ልጅ ካላችሁ፣ አባትየው ይቀድማላ! ይህን እንኳ ፍየል ያውቀዋል።»

«ፍየሏን ተዋት። አንተ አባት የተባልህ መቼ ነው?»

«ፋጡማ ስትወለድ» ይላል፤ እኔን ማለቱ ነው።

«ከዚያ በፊትስ ምን ነበርህ?»

«ሰይድ ነበርኋ።»

«አየህ፣ አባትነትህና ልጅነቷ በአንድ ቀን ነው የተወለዱ፤ አንዱ አንዱን አልቀደመም። አብ ደግሞ አባት ያልሆነበት ቀን የለም። ልጅ የሌለው ማን አባት ይለዋል?»

አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። «ላ ኢላሀ ኢለላህ! አላህ አልወለደም፣ አልተወለደም፤ እኔ ይቺን ይዤ እሞታለሁ። አንቺን ግን ቃዲ ማድረግ ነበር» ይላል። እሳቸውም፣ «አንተ ሙግት ስታጣ ሹመት ትሰጣለህ» ብለው ይስቃሉ። ሁለቱም አንድ ቀን አሸንፋለሁ ብለው የተከራከሩ አይመስለኝም። ባይከራከሩ ግን ቀኑ አይመሽላቸውም ነበር።

እኔን በተለየ ይወዱኝ ነበር። ሰው ሲበዛ አፌ ስለሚያዝ ጠርተው አጠገባቸው ያስቀምጡኝና ልቃቂት ያስይዙኛል። አንድ ቀን አክስቴ፣ «ይቺ ልጅ ዲዳ ናት ወይ?» ስትል እትዬ ብርቄ ሳሉ። «ዝም የሚል ሰው ሁሉ ባዶ አይደለም። ሞልቶበት ዝም የሚልም አለ» አሏት። ይህን ቃል ያኔ እንደ ምርቃት ነበር የያዝሁት። ኋላ ከበደኝ።

ልጃቸው እታገኝ እኩያዬ ናት። አብረን ስድስተኛ ክፍል ደረስን፣ አብረን አቆምን፣ አብረን ዓረብ አገር ለመሄድ ተነሣን። ደላላው ለእኔ ቶሎ ተስማማ። እታገኝን ግን፣ «በእስላም ስም ካልሆነ አይቀበሏትም» አለ። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስንቷ ክርስቲያን የጎረቤት ስም ለብሳ ሄዳለች። እትዬ ብርቄ ሦስት ቀን ካሰቡበት በኋላ አጥሩ ድረስ መጥተው አባቴን፣ «ሰይድ፣ ስምህን ታውሳታለህ?» አሉት። «ስሜን ብቻ? ልጄ አይደለች እንዴ!» አለ አባቴ። እንዲህ ሆኖ እታገኝ አያሌው በወረቀት ዘይነብ ሰይድ ሆነች። የእኔ እህት።

መታወቂያው የወጣ ዕለት አባቴ ሊያስቃቸው ፈልጎ፣ «ይኸው ብርቄ፣ ዛሬ ነገርሽ ገባኝ። በቤት እታገኝ፣ በክርስትና ወለተ ሥላሴ፣ በፓስፖርት ዘይነብ። ሦስት ስም፣ አንድ ልጅ!» አላቸው።

ሳሉ። «ስለ ሥላሴ 'አካሉ አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው ሦስት' ብሎ ያስተማረ ሰውዬ ተወግዟል። አንተም ልትወገዝ ነው» አሉት። አባቴ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የምንሄድ ዕለት ማለዳ እታገኝ የአንገቷን ማተብ ልትፈታ ስትታገል ቋጠሮው እንቢ አለ። እትዬ ብርቄ ፈትል ሲቆርጡ መቀስ አይፈልጉም፤ በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት። በሰማንያ ቀኗ ቄስ ያሰረላት ማተብ ባለቀ ቁጥር አዲስ እየገመዱ የሚያስሩላት ራሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት አንገቷ ሥር ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው በጠሱትና ጉያቸው ከተቱት። «አገርሽ ስትገቢ እመልስልሻለሁ» አሏት። እኔ በሩ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ አይ ነበር።

በመንገድ ላይ ሰላት አሰጋገድ አስተማርኋት። ሸሃዳውንም፣ የእስልምናን የምስክርነት ቃል፣ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ነበር የምትወጣው፤ ስትሳሳት እንደ እናቷ እስልባታለሁ፤ እንስቃለን።

አንድ ቤት ተቀጠርን። ቤቱ ትልቅ ነው፤ አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው ሚስትና ስድስት ልጆች። እታገኝ ሰባት ወር ዘይነብ ሆና ኖረች። አንድ ቀን ትልቁ ሰሐን ከእጇ አምልጦ ተሰበረና ደንግጣ አማተበች። እጇ ነው ያማተበው፤ እሷ አታውቀውም። አሮጊቷ አዩ። ቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አልመቷትም፣ አልሰደቧትም። «በሐሰት ወረቀት ከገባሽ ፖሊስ ይወስድሻል። ሙስሊም ከሆንሽ ግን እዚህ በፊታችን በይው» አሏት። እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷም ሸሃዳውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው። አንዲት ፊደል አልሳተችም። በደንብ አስተምሬያት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ልብስ ስናሰጣ የሰው ያለህ የሚያሰኝ ፀሐይ ነበር። እታገኝ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመችና እንዲህ አለችኝ፦ «ፋጡማ፣ ፈርቼ ነው። ሥላሴ ይቅር ይበሉኝ። አገሬ እንደገባሁ ከቤቴ በፊት ቄስ ጋ ነው የምሄደው። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት፤ ትሞትብኛለች። ማይልኝ።» ማልሁላት። ከዚያ አንሶላውን ፊቷ ላይ ጋርዳ አለቀሰች።

ወር ሳይሞላ ታመመች። ሆዷን ነው። ሆስፒታል በወሰዷት በሦስተኛው ቀን ሞተች። በወረቀት እህቷ ስለሆንሁ ካጠቧት ሴቶች ጋር አብሬ አጠብኋት። ከፈንናት፤ ተሰገደባት፤ ዘይነብ ተብላ ተቀበረች። ለእኛ ለእስላሞች ይህ ክብር ነው። እኔ ግን ውኃውን ሳፈስባት ዓይኔን ከባዶ አንገቷ ላይ መንቀል አልቻልሁም።

እትዬ ብርቄ ሬሳ ሳይኖር ልብሷን ዘርግተው አለቀሱ። ቅሬው ድንኳን ተከለ። ፍትሐት ግን አልተደረገም። የሞት ወረቀቱ ላይ ሙስሊም ይላል፤ ከዚያው አገር የተመለሱ ሴቶችም፣ «ሃይማኖቷን ለውጣለች፤ በአፏ ብላዋለች» እያሉ አወሩ። ቄስ ላቀው ከመሪጌታ አያሌው ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በልጅነታቸው እትዬ ብርቄ ከግድግዳ ወዲያ የሳሉባቸው። ጨካኝ ሰው አይደሉም። «የካደ ሰው ሲመለስ ቄደር የሚባል የንስሐ ጥምቀት አለ፤ እሷ ግን ሳትመለስ ሞተች። አብራት የነበረችው የሰይድ ልጅ እስክትመጣ እንቆይ» አሉ። ስለዚህ እኔ ስመጣ መንደሩ ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። የማንንም ዓይን ለማየት የማልደፍረዋን እኔን።

በገባሁ በሳምንቴ ከአባቴ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሄድሁ። ቄስ ላቀው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ ቆመዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉራቸው አመድ መስሏል። ከአንድ ቀን በፊት ቤታቸው ጠርተውኝ፣ «የሰማሽውን ተናገሪ። ለእኔ ብለሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። በሐሰት ሥላሴን አልለምንም» ብለውኝ ነበር።

ቄስ ላቀው ጀመሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ያረሙኝን ልበል። ስም ከአካል፣ አካል ከስም አይለይም ብዬ የተማርሁት እዚያች ቤት ነው። ልጅዎ ዘይነብ ተብላ ኖረች፤ ዘይነብ ተብላ ተቀበረች። እኔ መቅደስ ውስጥ ቆሜ የማንን ስም ልጥራ?»

እትዬ ብርቄ ሳሉ። ቄሱ እንደ ተማሪ ደነገጡ፤ አየኋቸው።

«ላቀው፣ እሱ ለሥላሴ ነው የተነገረ» አሉ። «እነሱ ስማቸውን ማንም አላወጣላቸውም፤ አካላቸው በነበረበት ስማቸውም ነበረ። እኛን ግን ስም የሚያወጣልን ሰው ነው። ሰው ያወጣውን ሰው ይለውጠዋል። ሰይድ ያዋሳትን ስም ለሰይድ መልሱለት። በሰማንያ ቀኗ በውኃ የወጣላትን ጥሩ። የሥላሴን ነገር አምጥታችሁ በልጄ ላይ አትጫኑ፤ እሷ ትቢያ ናት፤ አትችለውም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ይህስ እውነት ነው» አለ። ቄሱም፣ «ስሙ ይሁን። ቃሉስ? በአፏ ክዳለች ይባላል» አሉ።

«ወሬ አያስርም፣ አይፈታም። የነበረችውን ጠይቁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ፣ «አብሽሪ፣ ልጄ፤ ተናገሪ» አለኝ።

«ብላለች ወይስ አላለችም?» አሉ ቄስ ላቀው።

አንገቴን ደፋሁ። ክርስቲያኖቹ የሚሳለሙት ድንጋይ እግሬ ሥር ነበር፤ እሱን አየሁ። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አትፍሪ። ብላም ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያ የጸጸት ቃል ከአፏ ሰምተሽ ከሆነ እሱን ንገሪን። አንድ የጸጸት ቃል ካለ እኔ ፍትሐቱን አልከለክልም» አሉ።

ቃሉ ነበረኝ። ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን መጸጸቷን ለመናገር መጀመሪያ ማለቷን መናገር ነበረብኝ፤ እንዳልነግርባት ያስማለችኝ እናቷ ደግሞ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመው ፊቴን ያያሉ። አራት ወንዶች ያዩኛል። አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ዘጋሁት። ቄሱ ብዙ ጠበቁኝ። ፀሐይዋ ከእግሬ እስከ ጉልበቴ እስክትደርስ የጠበቁኝ ይመስለኛል። በመጨረሻ፣ «ዝምታ ምስክር አይሆንም። ፍትሐቱ ይቆይ» አሉ።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ከጉያቸው የተበጠሰውን ማተብ አወጡ። «ይህን የበጠስሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጥርሴ። እሷ አንገቷን ነው የሰጠችኝ። እንግዲያው ቄደሩን ለእኔ ስጡኝ።»

«እትዬ፣ ቄደር ለካደ ነው። እርስዎ መቼ ካዱ?»

«ጥርሴ ክዷል።»

«ለሞተ ሰው በሌላ ሰው ገላ ቄደር አይጠመቅም። ሥርዓት የለውም።»

«እንግዲያው ልጄ ያልገባችበት አልገባም» አሉና ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ዋርካው ሥር ቆሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጥሩን ረግጠው አያውቁም። እሑድ፣ በዓል፣ ዝናብ፣ ፀሐይ ሳይሉ ዋርካው ሥር ቆመው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። ከሰው ሁሉ በፊት ይመጣሉ፤ ከሰው ሁሉ በኋላ ይሄዳሉ። ቄስ ላቀው ስንት ጊዜ ወጥተው ለመኗቸው። «ሥላሴ ቅጥር የላቸውም፤ እዚህም ይሰሙኛል» ይላሉ። አንዳንዱ፣ «አበዱ» አለ። አንዳንዷ፣ «እሳቸውም ሰለሙ» አለች። ማተብ መገመድ ተዉ። በመስከረም የግሸን ተጓዦች ሲያልፉ በራቸው ዝግ ነው። እንዝርቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አደራበት።

አባቴ አንድ ቀን ሊያጫውታቸው ፈልጎ እንደ ድሮው በአጥሩ በኩል፣ «ብርቄ፣ ዛሬስ ስንት ሆኑ?» አላቸው።

«ዛሬ መቁጠር አቃተኝ፣ ሰይድ» አሉት።

አባቴ ቤት ገብቶ ኩታውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያን ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም። ስሙን ማዋሱን እንደ ወንጀል ቆጠረው፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ለእታገኝ ሰደቃ ያወጣል፤ «በየትኛውም ስሟ ይድረሳት» ይላል።

እኔ አልሸሽኋቸውም። መሸሽ ነበረብኝ፤ ግን አልቻልሁም። ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ቤታቸውን እጠርጋለሁ። አንድ ጊዜም ስለዚያ ቀን አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ተቀምጠው ወደ ሐይቁ በኩል እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳላውቅ፣ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ሁሉ የሥላሴን ነገር የቁጥር ነገር ያደርገዋል። አባትሽም፣ ዲያቆኑም፣ እኔም። አሁን ሳስበው ሦስት መሆናቸው አይደለም የሚገርመኝ። ሦስት ሆነው አለመለያየታቸው ነው። እኔና ልጄ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እሱን እንኳ አልቻልነውም።»

በዚህ ክረምት ሳሉ በረታ። በመጀመሪያ ሰው አልጠረጠረም፤ የለመድነው ሳል ነው። ኋላ ደም ተቀላቀለበት። ሐኪም ቤት ወስደናቸው፣ «ቆይቷል» ተባልን። የሥላሴ ዕለት ወደ ዋርካው መሄድ አቃታቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ነበሩ፤ ገንፎ ይዤ ገባሁ። አንዲት ማንኪያ ቀምሰው ገፉት።

ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር፣ ስለማያዩኝ ይሆናል። መደቡ ሥር ተቀመጥሁና፣ «እትዬ፣ ብላዋለች» አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ባትለው ኖሮ ያን ቀን 'አላለችም' ለማለት አንቺም አትሰንፊም ነበር። ዝምታሽን ሰምቼዋለሁ።»

«ያልሰሙት አለ» አልሁና ስለ ሰገነቱ፣ ስለ እርጥቡ አንሶላ፣ «ሥላሴ ይቅር ይበሉኝ» ስላለችው፣ ከቤቷ በፊት ቄስ ጋ እሄዳለሁ ስላለችው ሁሉ ነገርኋቸው። «ለእማዬ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኝ ነው» አልሁ። ስጨርስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸው ጭንቅላቴን ፈልጎ አገኘው።

«ከቤቷ በፊት ቄስ ጋ አለች?»

«አዎ።»

«በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

ዓይናቸውን ገልጠው ጣራውን አዩ። እንባቸው በጎንና በጎን ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። «አራት ዓመት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ያቺ «አራት ዓመት» ያሏት ቃል ከእርግማን ሁሉ ትበልጥብኛለች። በመካከላችን አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሞቱ። ከባላቸው ከመሪጌታ መቃብር አጠገብ ተቀበሩ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ እንዲተውላቸው ለቅሬው ዳኛ አስቀድመው ተናዝዘው ነበርና ቦታው ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ግልባጭ ጻፍሁት። አንዱ ይህ የምታነቡት ነው። ሁለተኛውን ነገ ራሴ ወስጄ ለቄስ ላቀው እሰጣለሁ። ከፊታቸው ቆሜ ቃል እንደማይወጣኝ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ግን እዘረጋለሁ። ፍትሐቱን ያድርጉ አያድርጉ አላውቅም፤ እሳቸውም ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ግልባጩ ራስጌ ላይ በትልቁ «ወለተ ሥላሴ» ብዬ ጽፌአለሁ። እኔ እስላም ነኝ፤ ስለ ሥላሴ የማምነው አባቴ የሚያምነውን ነው። ስሙ ግን የእሷ ነው።

ያን የሥላሴ ዕለት፣ ከቤታቸው ከመውጣቴ በፊት፣ እትዬ ብርቄ እጄን ይዘው፣ «ለእኔ የነገርሽኝን ለላቀው ንገሪው» አሉኝ።

«አልችልም፣ እትዬ። እሳቸው ፊት አፌ ይያዛል።»

ሳሉ። የሕመሙ ሳል ይሁን የድሮው ሳል መለየት አቃተኝ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጄን ገልብጠው መዳፌን በአውራ ጣታቸው እያሹ እንዲህ አሉኝ፦

«አፍሽ እንቢ ካለሽ በዚህ ተናገሪ። ስሟን ሙሉውን ጻፊው።»